ባቡር የሌለው ሀዲድና ሀዲድ የሌለው ባቡር

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ባቡር ነው። «የሐይቅና የአምባሰል ሰው ስለ ባቡር ምን ያውቃል?» የሚል አድማጭ ቢኖር አልቀየመውም። አባቶቻችን ያወቁት በቅሎውንና አህያውን ነው፤ ከዚያም ወዲህ ጣልያን በቀደደው መንገድ ላይ አቧራ እያስነሣ የአምባሰልን ቍልቍለት የሚወርደውን የጭነት መኪና ነው። ነገር ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ገልጦ ላየው ሰው፣ በእኛ በኩል ባለው የቀይ ባሕር ጠረፍ መጀመሪያ ያፏጨው ሎኮሞቲቭ የመጣው በወሎ ምክንያት ነው።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት መቅደላ ላይ በነበሩት በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት፣ በዙላ የባሕር ዳርቻ ወረደ። ስንቁና ጥይቱ እጅግ ብዙ ስለ ነበረ ከባሕሩ ዳር አንሥቶ ወደ ተራራው ግርጌ የሚያደርስ ሀዲድ ዘረጋ። ርዝመቱ ከ20 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ሀዲዱም ሎኮሞቲቩም ከህንድ አገር በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነበር። ከሜዳው በላይ ያለውን አቀበት ግን በቅሎው፣ ግመሉና ከህንድ የመጡት 44 ዝሆኖች ተሸከሙት። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ዘመቻው እንዳበቃ እንግሊዞቹ ሀዲዱን ነቅለው ሄዱ። እንግዲህ በወሎ ምክንያት የመጣው የመጀመሪያው ባቡር ወሎን ሳያይ ተመለሰ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ከወዲህ በኩል ደግሞ ሌላ ብረት ይጐተት ነበር። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተስቧል። ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ መንገዱ እየተጠረገ በበሽሎ ሸለቆ ወርዶ ወደ መቅደላ ወጣ። ሀዲድ ቢኖር ያን መድፍ አንድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ በቀላሉ በሳበው ነበር። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ነቅሎ የሚወስደው ስለ ጠፋ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ቅርስን የሚጠብቀው ክብደቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ባቡር የተመከረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በአምባሰል፣ በውጫሌ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ያመጣውን መዘዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ አምስት ዓመት ቈይቶ በ1886 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የስዊስ ተወላጅ ለነበረው ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡት። በፈቃዱ ላይ የተጻፈው መስመር ሦስት ክፍል ነበረው። አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነው። ወሎ በዚህ ውስጥ የለም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። ሐረር ያለችው በተራራ ላይ ስለ ሆነና ገንዘቡም ስላልበቃ፣ ባቡሩ እርሷን ወደ ጎን ትቶ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ፈጠረ። ኩባንያው ግን ከሰረና ፈረሰ፤ ሌላ ኩባንያ በቦታው ተተካ። ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ለወሎ ሰው የሚረሳ አይደለም፤ በጥቅምት ወር ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተማረኩበት ዓመት ነውና። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ብናገር አድማጮቼ አትሰለቹኝም ብዬ አምናለሁ። «ባቡር» የምንለው ቃል ከአውሮፓ ሰዎች ቋንቋ፣ እንፋሎት ከሚለው ስም የተወለደ ነው፤ ወደ እኛም የደረሰው በዓረቦች በኩል ዞሮ ነው። በእንፋሎት የሚሄድ ሁሉ ባቡር ይባል ስለ ነበረ፣ «የምድር» የሚለው ቅጽል የተጨመረው ከባሕሩ ለመለየት ይመስለኛል። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በምኒልክ ዘመን ያስመጣው፣ ያለ ሀዲድ በመንገድ ላይ የሚሄደው ከባድ የእንፋሎት ሞተርም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል። «ለገሀር» ያልነው ፈረንሣዮች ጣቢያውን የጠሩበትን ስም ነው፤ «ፉርጎ»ም የእነርሱ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን «ሹፌር» ነው። ይህ ቃል በፈረንሣይኛ መጀመሪያ የሚያሞቅ፣ እሳት የሚያነድ ማለት ነው፤ በሎኮሞቲቭ ላይ ቆሞ ምድጃውን የሚቀልበው ሠራተኛ ስም ነበር። ዛሬ ከደሴ ወደ ሐይቅ ሚኒባስ የሚነዳው ወጣት፣ ሳያውቀው፣ የአሮጌውን የእንፋሎት ባቡር እሳት አንዳጅ ስም ይዞ ይሄዳል።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከእሳቱ ይልቅ ውኃው ያስቸግራል። የጅቡቲው መስመር የሚያልፈው በአብዛኛው በበረሓ ስለ ሆነ፣ የውኃ ነገር ትልቅ ጭንቅ ነበር። ጨውና ኖራ የበዛበት ውኃ ሲፈላ በማፍያው ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ የተጋገረውም ሙቀቱን ይከለክላል፤ ካልተፋቀም ብረቱን ያቃጥለዋል። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የብረት መንኰራኵር በብረት ሀዲድ ላይ ሲሄድ ጭነቱ እጅግ ይቀላል፤ በደልዳላ ሀዲድ ላይ የቆመን ባዶ ፉርጎ ጥቂት ጎልማሶች ገፍተው ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ። ነገር ግን ያ ቅልጥፍና በአቀበት ላይ ጠላት ይሆናል፤ መንኰራኵሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ በሎኮሞቲቩ ላይ የአሸዋ ሣጥን ይደረጋል፤ ነጂው አቀበቱ ሲበረታበት ደረቅ አሸዋ በሀዲዱ ላይ ያፈሳል። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር ያለ አሸዋ አይዘለቅም ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ወደ ስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነው። በጣልያን ዘመን ፊያት የሠራው፣ ሞተሩ ከሠረገላው ጋራ የተያያዘ ሊቶሪና መጣ። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ እየገባ እንፋሎቱን ተካው። እኔ በደረስሁበት ጊዜ የሚሄደው የናፍጣው ነበር። የእንፋሎቱን ያወቅሁት ከሽማግሌዎች አፍና በድሬ ዳዋ ከቀረው ብረት ነው።

ከሐይቅ ወጥቼ ለገሀር ጣቢያ በር ላይ ስደርስ፣ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ሕንፃ ከባቡሩ ይልቅ አስፈርቶኝ ነበር። ሦስተኛ ማዕርግ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ወንበሩ እንጨት ነው፤ መስኮቱ አንዳንዱ አይዘጋም፤ ሰው፣ ጆንያና ዶሮ በአንድነት ተጫነ። ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን አልፈን ወለንጪቲ ስንደርስ ቆላው ይሸት ጀመር። መተሐራ አጠገብ በጥቍር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በበሰቃ ሐይቅ መካከል ስናልፍ የሐይቅ ልጅ ነኝና ውኃውን በዓይኔ መዘንሁት፤ የእኛው ይበልጣል ብዬም ተጽናናሁ። አዋሽ ላይ ባቡሩ ሲቆም ገንዘብ ያላቸው ቡፌ ዳዋሽ ገብተው በሳሕን በሉ፤ እኛ ደግሞ በመስኮት የተቀበልነውን እንቁላልና ዳቦ በላን። ከዚያ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሄደ። በየጣቢያው አንድ ፋኖስ፣ አንድ የጣቢያ ሹም፣ ብዙ ፍየል ነበር። መንኰራኵሩ የሀዲዱን መጋጠሚያ በመታ ቍጥር የሚሰማው ምት ለሚወደው ሰው እንቅልፍ ያመጣል፤ እኔ ግን ስቈጥረው አደርሁ።

በማግሥቱ ድሬ ዳዋ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንድ አዛውንት ሠራተኛ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዘው በቆመው ባቡር ዳር እየሄዱ እያንዳንዱን መንኰራኵር ይመቱ ነበር። ምን እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው፣ «አዳምጥ፤ ደኅናው ይዘምራል፤ የተሰነጠቀው ይደነቍራል» አሉኝ። ብዙ መቶ መንገደኛ ነፍሱን የሚያምነው በእኒህ ሰው ጆሮ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚራ የተባለው ሰፈር ሁሉ የእንዲህ ያሉ ሰዎች ሰፈር ነበር። ፈረንሣይኛን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከብሎንና ከመፍቻ የተማሩ፣ የተሰበረ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ የማይጠብቁ፣ ራሳቸው ቀልጠው አቅልጠው የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ።

ይህን ስናገር ባቡሩ ገነት ነበረ ማለቴ አይደለም። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ጠማማውን መንገድ በፍጥነት ሲዞር ከሀዲድ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት የሚቈጠር ነው። ብረት ምሕረት የለውም፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው በላዩ ካልተቀመጠ ይገድላል።

አሮጌው መስመር በ2000 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ መካከል አገልግሎቱን አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ሀዲዱ በብዙ ቦታ ተነቅሏል፤ በአንዳንዱ ላይ መንገድ ተሠርቶበታል፤ በአንዳንዱም ቤት ተሠርቶበታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሰፊ ሀዲድ ያለው ስለ ሆነ የቀድሞዎቹ ሎኮሞቲቮች ሊሄዱበት አይችሉም። አሮጌዎቹም በድሬ ዳዋ በየጥጉ ቆመው ቀሩ። ሀዲድ የሌለው ባቡር ያልሁት ይህን ነው።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ወሎ ልመለስ። በ2004 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋራ ውል ተፈረመ፤ ሥራውም በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መስመሩ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል በወልዲያ አጠገብ እስካለችው እስከ ሐራ ገበያ የሚደርስ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የሀዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ዘመን ያፈራው ሥራ ነው። እንግሊዞቹ ዙላ ላይ ሀዲድ ከዘረጉ ከመቶ አምሳ ዓመት ያህል በኋላ ሀዲድ ወሎ ገባ።

ብዙ ሰው «ደሴ ትልቅ ከተማ ሳለች ባቡሩ ስለ ምን ትቷት አለፈ?» ብሎ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። መልሱ ቀደም ብዬ በተናገርሁት በአሸዋው ሣጥን ውስጥ አለ። መኪና በመቶ ሜትር ርቀት ስምንትና ዘጠኝ ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ባቡር ግን ጭነት ይዞ ሁለትና ሦስት ሜትር ከወጣ ብዙ ነው። ደሴ የተቀመጠችው 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ሀዲዱ ጦሳን ለመውጣት አልታገለም፤ ድሬ ዳዋ ላይ ሐረርን እንደ ተወ ሁሉ፣ እዚህም ደሴን ወደ ጎን ትቶ ተራራውን በዋሻ እየበሳ፣ ሸለቆውን በድልድይ እየተሻገረ ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል አካባቢ አቀና። ድሬ ዳዋን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ባቡር የሚቆምበት ሜዳ ከተማ ይሆናል። የሐይቅ ገበሬ ማሳውን ለሀዲድ ሲለቅ ይህን ተስፋ ተነግሮት ነው።

ነገር ግን የኤሌክትሪኩ ኃይል በጊዜው አልደረሰም፤ ገንዘቡም አስቸገረ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ሐይቅን ሲያዳርስ በመስመሩ ንብረት ላይ ዝርፊያና ጥፋት ደረሰ። እንደዚህ እየሆነ ሀዲዱ ከተዘረጋ በኋላ ባቡር ሳይመላለስበት ዓመታት አለፉ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሀዲዱን እንደ ወንበር ተቀምጠውበት አደጉ። የሚሠራ ሀዲድ አናቱ እንደ መስታወት ያበራል፤ የመንኰራኵሩ ፍትጊያ ይወለውለዋልና። ይህኛው ግን አናቱ የዛገ ነው። ለባቡር ወዳጅ ከዚህ የከፋ እይታ የለም።

ዝገቱስ ከላይ ያለ ነገር ነው፤ ባቡሩ አንድ ሳምንት ቢመላለስ ይጠፋል። የሚያሠጋው ሌላ ነው። በሀዲድ ሥር የሚነጠፈው ጠጠር ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ የዝናቡን ውኃ የሚያሳልፈው፣ የባቡሩንም ክብደት ለመሬቱ የሚያከፋፍለው እርሱ ነው። የአምባሰል ክረምት ከተራራ አፈር ይዞ ይወርዳል። ቦዩ ካልተጠረገ አፈሩ በጠጠሩ መካከል ይገባል፤ ሣር ይበቅልበታል፤ ሀዲዱም ይዘምማል። ሀዲዱን ከእንጨቱ ወይም ከሲሚንቶው ጋራ የሚያያይዘው ማሠሪያ አንድ በአንድ ሲጠፋ ደግሞ ለዓይን አይታይም፤ የሚታየው ባቡሩ ሲወድቅ ነው። ሽቦው መዳብ ነውና ሌባው ዋጋውን ያውቃል። ቁራሌው በየመንደሩ ሲዞር ያረጀ ድስትና የሀዲድ ብሎን በአንድ ሚዛን ይገዛል። በአገራችን ያሉት የአርማታ ብረት ፋብሪካዎችም የወዳደቀ ብረት አቅልጠው የሚሠሩ ናቸው፤ ሥራቸው የተመሰገነ ነው፤ ዳሩ ግን እቶን ሎኮሞቲቩን ከተሰበረ አካፋ ለይቶ አያውቅም። አንድ ሎኮሞቲቭ በብዙ አሥር ቶን የሚቈጠር ብረት ስለ ሆነ፣ ገንዘብ የሚፈልግ ባለአደራ ሲያየው ቅርስነቱን ሳይሆን ሚዛኑን ያያል።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ በኩል ባቡር የሚጠብቅ ሀዲድ፣ በሌላ በኩል ሀዲድ ያጣ ባቡር አለን። ሁለቱን ሊያገናኝ የሚችለው ሰው ነው፤ ያም ሰው እያረጀ ነው። መንኰራኵር መትቶ የሚያዳምጠው ጆሮ፣ የአዋሽን ጠማማ በምን ያህል ፍጥነት መዞር እንደሚገባ የሚያውቀው ልብ በመጻሕፍት ቤት አይገኝም። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ማፍያ ባይኖረውም መንኰራኵሩ ያው ብረት ነው፤ አቀበቱም ያው አቀበት ነው፤ በዝናብ ጊዜ ዛሬም አሸዋ ይፈልጋል።

እንግዲህ የሐይቅና የአምባሰል ወጣቶች ቀበሌው ጠራቸው አልጠራቸው፣ በየክረምቱ መግቢያ በሰፈራቸው ያለውን ቦይ ቢጠርጉ የገዛ ንብረታቸውን ጠበቁ ማለት ነው፤ ይህም ከመስመሩ ጠባቂዎች ጋራ ተነጋግሮ ቢሆን ይሻላል፤ በሽቦው ዘንድ ሞት አለና። የታሪክ ተማሪዎችም ድሬ ዳዋ ወርደው በሕይወት ያሉትን የባቡር ሽማግሌዎች ቃል በድምፅ መቅጃ ቢይዙ፣ በፈረንሣይኛ የተጻፉትንም የሥራ መዛግብት ምስጥ ሳይበላቸው ቢያነቡ መልካም ነው። ይህ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበልጣል ብዬ ብናገር መምህራኑ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። በድሬ ዳዋ ከቆሙት አሮጌ ሎኮሞቲቮች አንዱ፣ ለሥራ የማይመለስ መሆኑ የተረጋገጠው፣ ወደ ሐይቅ ቢመጣ ምን ይመስላችኋል? በአዲሱ ሀዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ስፋቱ አይገጥምም። ነገር ግን ከተነቀለው የአንድ ሜትር ሀዲድ ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር ያህል አብሮ ቢመጣ፣ በጠጠር ላይ ተነጥፎ ቢቆምበት፣ ጣራ ቢደረግለት ይበቃዋል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ቆርቆሮ አይጠፋም። የአሸዋ ሣጥኑ እንዳለ ይሁን፤ ቀለሙም በዘፈቀደ አይለወጥ። አጠገቡም ረጅም እጀታ ያለው አንድ መዶሻ በሰንሰለት ታስሮ ይቀመጥ፤ ልጆቹ መንኰራኵሩን እየመቱ ያዳምጡ።